ቀይ የቆዳ ሳጥን፣ የ1902 ደብዛዛ ወርቅ፦ ላስወልውለው ወይስ ልተወው?

እህተ ለንደን (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ዛሬ ግን የሚያውቅ ሰው ምክር ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

ስድስት ዓመት በር ለበር ጎረቤቴ የነበሩ እንግሊዛዊት አሮጊት ባለፈው ዓመት አረፉ። ገበያ ስወጣ የሚያስፈልጋቸውን ገዝቼ አመጣላቸው ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ ቡና አፍልቼ እወስድላቸዋለሁ፤ በኋላማ "ጀበና" የሚለውን ቃል ራሳቸው መጥራት ጀምረው ነበር። ባለፈው ሳምንት የወንድማቸው ልጅ በሬን አንኳኳና በኑዛዜያቸው ላይ ስሜ እንዳለ ነግሮኝ አንዲት ቀይ የቆዳ ሳጥን ሰጠኝ።

ሳጥኗ ውስጥ በሳንቲሞቹ ልክ የተሠሩ 13 ክብ ጎድጓዶች አሉ። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ መካከለኛ። የቀሩት 11 ሳንቲሞች ሁለቱ ወርቅ፣ ዘጠኙ ብር ናቸው። በአንድ ፊታቸው ጺማም ንጉሥ አለ። የሁለቱ ወርቆች ጀርባ በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ የሚገድለው ጊዮርጊስ ነው፤ ሳየው ደስ አለኝ። ዓመታቸው ሁሉም 1902 ይላል።

ችግሩ ወርቁ አያበራም። ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ፊቱ ደብዝዟል። ብሮቹ ወደ ጥቁርና ሰማያዊ ያደላሉ። ሰፈሬ ያለ ወርቅ ቤት ወስጄ ሳሳይ ባለቤቱ "አልቋል፣ በክብደቱ ሒሳብ እገዛሻለሁ፤ ካልሸጥሽም በነፃ ወልውዬ እሰጥሻለሁ" አለኝ። ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ። ልውሰደው?

ጠገራ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40)

እህቴ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ አትውሰጂው! ሳጥኑን ዝጊና የሳንቲም ዓይን እስኪመጡ ጠብቂ።

የሳንቲም ዓይን (ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:05)

መጀመሪያ ለጎረቤትሽ ነፍስ ይማር። ሁለተኛ፣ የቅዳሜውን ቀጠሮ አሁኑኑ ሰርዢ።

ሳንቲሞችሽ አላለቁም። ከማተሚያ ቤቱ የወጡትም እንደዚሁ ደብዛዛ ሆነው ነው። 1902 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። የእንግሊዝ የገንዘብ ማተሚያ ቤት፣ ሮያል ሚንት፣ ለዚያ በዓል ብሎ ለሰብሳቢዎች በሳጥን ያወጣው ስብስብ ነበር። ባለ 13ቱ ረጅሙ ስብስብ ይባላል፣ ባለ 11ዱ አጭሩ። ልዩነታቸው ረጅሙ የአምስት ፓውንድና የሁለት ፓውንድ ወርቅ መጨመሩ ነው። ያንቺ ሳጥን የረጅሙ ነው። ረጅሙ 8,066፣ አጭሩ 7,057 ተሠርቷል። ያንቺ ሁለቱ ወርቆች፣ ሶቨሪኑ (የአንድ ፓውንዱ) እና ሃፍ ሶቨሪኑ (የግማሽ ፓውንዱ)፣ በሁለቱም ውስጥ ስላሉ እያንዳንዳቸው 15,123 ናቸው ማለት ነው።

እነዚህ ሳንቲሞች ማት ፕሩፍ ይባላሉ፤ ፕሩፍ በልዩ ጥንቃቄ የተመታ ሳንቲም ነው፣ ማት ማለት ደብዛዛ። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ፕሩፍ ሜዳው (በምስሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ፊት) እንደ መስታወት ያንጸባርቅ ነበር። በ1902 ግን በዘመኑ የሜዳሊያ ሠሪዎች ፋሽን ተመርተው ሆን ብለው ጠቅላላ ፊቱን አደበዘዙት፤ ሜዳውም የንጉሡ መልክም እኩል ደብዛዛ ነው። ብዙ ሰብሳቢ አልወደደውም፤ በ1911 ለጆርጅ 5ኛ ዘውድ የወጣው ስብስብ ወደ አንጸባራቂነቱ ተመልሷል። ስለዚህ ማት ወርቅ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ስለሆነም ነው እስከ ዛሬ የሚጠፋው። የወረሰው ሰው ሳጥኑን ከፍቶ "ይኼማ ቆሽሿል" ይልና በጨርቅ ያሸዋል፤ ወይም ወርቅ ቤት ይወስደዋል። ከዚያ የሚወጣው አንጸባራቂ ሳንቲም ፕሩፍም አይመስል፣ ተራም አይመስል፤ ማንም የማይፈልገው ነገር ነው።

አንድ ምልክት ልስጥሽ። ሌላው ሳንቲም ሲያልቅ ይደበዝዛል። ማት ሳንቲም ሲያልቅ ግን ያበራል። የተነካካው ቦታ፣ ከፍ ብሎ የወጣው፣ ለምሳሌ የንጉሡ ጉንጭና ጺም፣ የፈረሱ ጭን፣ መጀመሪያ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ሥር ጠርዙን ብቻ ይዘሽ ቀስ ብለሽ አዘንብዪው። እነዚህ ቦታዎች ከቀረው እኩል ደብዛዛ ከሆኑ ሳንቲሙ አልተነካም ማለት ነው።

ከመያዝሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ፣ አድርቂ፣ ሥሩ ላይ ለስላሳ ነገር አንጥፊ። የማት ፊት የጣት አሻራን አጥብቆ ይይዛል፣ አይለቅም።

ከሪያድ (ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:30)

ሰላም ለቤቱ። የሰውን ሙያ ማቃለሌ አይደለም፣ ግን ወርቅ ወርቅ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። እዚህ ሳዑዲ "ጂኒ" የሚሉት የእንግሊዙ ሶቨሪን ነው፤ ሴቶቹ በአንገት ሐብል ያደርጉታል። መንግሥቱም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ክብደት የራሱን ጂኒ አሠርቷል። ሱቅ ገብተህ ስትገዛ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ የቀኑ ዋጋ ይታያል፣ አለቀ። ሰው ለምን በላዩ ላይ ለደብዛዛነት ይከፍላል? እኔ እህታችንን የምመክራት ያለውን የወርቅ ዋጋ እንድታውቅና እንዳትታለል ነው።

የሳንቲም ዓይን (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10)

ወንድሜ፣ ያልከው ለጂኒ ትክክል ነው። ሶቨሪን 7.988 ግራም፣ 22 ካራት፣ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር ነው። ከ1817 ጀምሮ ይኸው ነው። ገበያ ላይ የሚዞረውን በሚዛን ብትገዛው አልተጎዳህም። ግን እሷ እጅ ያለው ለገበያ የተመታ አይደለም። በዚያው በ1902 ለገበያ የተመቱት ሶቨሪኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ማቶቹ 15,123። ሚዛኑ ላይ ሁለቱን ብታስቀምጣቸው ልዩነት አያሳይህም። ለዚህ ነው ሚዛን ብቻ የያዘ ሰው ጋ አትሂጂ የምላት።

ጀማሪ 77 (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00)

ጋሼ የሳንቲም ዓይን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ፕሩፍ ማለት ይዞታው እንከን የሌለው ሳንቲም ማለት አይደለም እንዴ? እርስዎ ግን ፕሩፍ ሲወለወል እንደሚበላሽ ጽፈዋል።

የሳንቲም ዓይን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:45)

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው። ዳዩ (ማተሚያ ቅርጹ) በጥንቃቄ ይዘጋጃል፣ የወርቁ ቁራጭ ይወለወላል፣ ከዚያ በዝግታና በከባድ ኃይል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። ጠርዙ ስል ይሆናል፣ የፊደሉ ጥግ ሁሉ ጥርት ይላል። ይህ ሳንቲሙ እንዴት እንደተወለደ ነው። ከዚያ በኋላ ኪስ ውስጥ ቢገባም፣ ቢወድቅም፣ ቢታሽም ፕሩፍነቱ አይለቀውም፤ የተጎዳ ፕሩፍ ይባላል እንጂ። ይዞታውን የሚናገረው ደረጃው ነው። እንግሊዞች እንከን የሌለውን ኤፍ ዲ ሲ ይሉታል። አሜሪካኖቹ ከ1 እስከ 70 ቁጥር ይሰጡታል።

እኔ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ለንደን በመጣሁ በአራተኛው ዓመት፣ ሌሊት እየሠራሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የ1937 የጆርጅ 6ኛ ሶቨሪን ገዛሁ። ያ ስብስብ አራት ወርቅ ነው፣ 5,501 ነው የተሠራው፤ ሶቨሪንና ሃፍ ሶቨሪን በዚያ ንጉሥ መልክ ለሕዝብ የወጣው በዚያ ስብስብ ብቻ ነው። ቤት ወስጄ ሳየው በሜዳው ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ነበረበት። የሸሚዜን ጫፍ በትንፋሼ አርጥቤ አንዴ ጠረግሁት። አንዴ ብቻ። በማግስቱ በፀሐይ ሳየው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች በንጉሡ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። ጭጋጉ ሳይጎዳው ስልሳ ዓመት አብሮት የኖረ ነገር ነበር፤ እኔ ግን በሦስት ሰከንድ አበላሸሁት። ያን ሳንቲም አልሸጥኩትም፣ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አዲስ ሰብሳቢ ቤቴ ሲመጣ አስቀድሜ የማሳየው እሱን ነው።

እህተ ለንደን (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:20)

ቀጠሮውን ሰርዣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በኤሌክትሮኒክ የወጥ ቤት ሚዛን ሳይሆን የጓደኛዬ ልጅ ለትምህርቱ በሚጠቀምበት ትንሽ ሚዛን መዘንኋቸው። ትልቁ 7.99፣ ትንሹ 3.99። ብርሃኑ ላይ ሳዘነብለው ሶቨሪኑ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ሃፉ ላይ ግን በንጉሡ ፀጉር በኩል የጣት ቅርጽ ያለው ጥላ አለ። የእሳቸው አሻራ ይሆን እያልኩ ብዙ ሰዓት ሳየው አመሸሁ።

ባዶዎቹ ቦታዎች ምንድን ነበሩ? ልሙላቸው ይሆን?

ባለ ሚዛን (ረቡዕ፣ ከረፋዱ 5:00)

እህቴ፣ ትልቁ ጎድጓድ 36 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ የአምስት ፓውንዱ ነው፣ 39.94 ግራም። 28 ገደማ የሆነው የሁለት ፓውንዱ፣ 15.98 ግራም። ከሁሉም የሚሰፋው ቦታ የክራውን፣ የትልቁ ብር ሳንቲም፣ ነው፤ እሱ ካለሽ ልክ ነሽ።

መሙላት ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ በ1902 አምስት ፓውንድና ሁለት ፓውንድ ለተራ አገልግሎትም ተመትተዋል፤ እነሱ አንጸባራቂ ናቸው። ተራውን በአሸዋ አደብዝዞ ማት ነው ብሎ የሚሸጥ አታላይ ሊያጋጥምሽ ይችላል። እውነተኛው ማት ጠርዙ ስል ነው፣ ደብዛዛነቱም ፊደሎቹ ሥር ድረስ እኩል ይገባል። ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ ወርቅ ሁሉ ሐሰተኛ ብረት ነው ብለሽ አታስቢ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቤይሩት በኩል የወጡት ሐሰተኛ ሶቨሪኖች ብዙዎቹ እውነተኛ ወርቅ ነበራቸው። ሮያል ሚንት በ1957 ሶቨሪን መምታት የቀጠለበት አንዱ ምክንያት እነሱን ለመመከት ነው። ስለዚህ ሚዛንና የወርቅ መመርመሪያ የሚነግሩሽ ግማሹን ነው፤ ቀሪውን ዓይን ነው የሚነግርሽ።

ግብርን በተመለከተ፣ እንግሊዝ የምትኖሩ ሁሉ ብታውቁት ይጠቅማል። ከ1837 ወዲህ የተመቱ ሶቨሪኖች የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ስለሆኑ ሲሸጡ የትርፍ ግብር የለባቸውም። ገንዘብ ሆነው ያልታወጁ የሙከራ ሳንቲሞች ግን እንደ ማንኛውም ቅርስ ዕቃ ነው የሚታዩት።

ጠገራ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:30)

ስለ 1902 አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን ስለሚነካ። ያ ዘውድ መጀመሪያ የተቀጠረው ለጁን 26 ነበር፤ ንጉሡ ትርፍ አንጀት ታመው ከሁለት ቀን በፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ወደ ኦገስት 9 ተዛወረ። በእኛ ነሐሴ 3 ቀን 1894 መሆኑ ነው። በዚያ በዓል ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ለንደን የተገኙት ራስ መኮንን ናቸው። እህቴ፣ የያዝሻቸው ሳንቲሞች ለዚያው በዓል የተመቱ ናቸው። ይህን ሳስብ ሳጥኗ ለኢትዮጵያዊት እጅ መድረሷ ደስ ይለኛል።

የመወልወሉ ነገር በእኛም አለ። እኔ ጠገራ ብር ነው የምሰበስበው። ስንቱ ማሪያ ቴሬዛ ቀለበት ተበይዶበት፣ ስንቱስ ቀልጦ አምባርና መስቀል ሆኖ አልቋል። ለንደን ላይ የተመታም ጠገራ አለ፤ ከ1936 ጀምሮ ሮያል ሚንት ራሱ መትቶታል፣ ሙሶሊኒ ዳዮቹን ከቪየና ከወሰደ በኋላ። የዚያን ታሪክ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ጀማሪ 77 (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:45)

ባለ ሚዛን "የሙከራ ሳንቲም" ያሉት ፓተርን የሚባለውን ነው? ከፕሩፍ በምን ይለያል? የኤድዋርድ 8ኛ ሳንቲም አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

የሳንቲም ዓይን (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:20)

እውነት ነው። ዛሬ ሥራ ስለሌለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ፓተርን ማለት "እንዲህ ብናደርገውስ?" ተብሎ የተመታ ሳንቲም ነው። ንድፉ ገና አልጸደቀም፤ ወይም ጸድቆ ሳይወጣ ቀርቷል። አብዛኛው ፓተርን የሚመታው እንደ ፕሩፍ ተጠንቅቀው ነው፣ ስለዚህ አንድ ሳንቲም ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የእህታችን ግን ፓተርን አይደለም፤ ንድፉ ጸድቆ ለሰብሳቢ የተሸጠ ፕሩፍ ነው።

ኤድዋርድ 8ኛን እንውሰድ። አባታቸው ጆርጅ 5ኛ በጃንዋሪ 1936 ሞቱ። ከቻርልስ 2ኛ ጀምሮ በእንግሊዝ ሳንቲም ላይ አዲሱ ንጉሥ ከቀዳሚው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲያይ የሚያደርግ ልማድ አለ። ጆርጅ ወደ ግራ ስለሚያዩ ኤድዋርድ ወደ ቀኝ ማየት ነበረባቸው። እሳቸው ግን ፀጉራቸው የሚከፈለው በግራ በኩል ስለሆነ በዚያ ጎኔ ነው የማምረው ብለው ወደ ግራ ይሁን አሉ። ቀራጩ ሃምፍሪ ፔጀት በፈለጉት መንገድ ሠራ። ማተሚያ ቤቱ 1937 እስኪገባ ዳዮቹን እያዘጋጀ ሳለ ንጉሡ በዲሴምበር 1936 ዘውዱን ተዉት። የተመቱት ጥቂት ናሙናዎች 1937 የሚል ዓመት ይዘው በዚያ ዓመት ንጉሥ ያልነበሩ ሰው መልክ አለባቸው። ሶቨሪኑ በ2014 በለንደን ጨረታ 516,000 ፓውንድ ወጣ። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ሮያል ሚንት አንዱን ለአንድ ሰብሳቢ በ1,000,000 ፓውንድ መሸጡን ተናገረ።

እኔን የሚገርመኝ ዋጋው አይደለም። ቀጥሎ የመጡት ወንድማቸው ጆርጅ 6ኛም ወደ ግራ ነው የሚያዩት። ማተሚያ ቤቱ ኤድዋርድን ልማዱን ጠብቀው ወደ ቀኝ እንዳዩ ቆጥሮ ቀጠለ። ኤልሳቤጥ ወደ ቀኝ፣ ቻርልስ 3ኛ ወደ ግራ፣ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ያልወጣው ሳንቲም እንደወጣ ተቆጥሮ ተዘለለ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የ1820 የጆርጅ 3ኛ አምስት ፓውንድ አለ። ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ ነው የቀረጸው፣ የእህታችን ወርቅ ጀርባ ላይ ያለውን ጊዮርጊስ የሠራው ጣሊያናዊ። ንጉሡ በጃንዋሪ 1820 መጨረሻ ሞቱና ሳንቲሙ ሳይታወጅ ቀረ። ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ያለበት ሃያ አምስት ገደማ ነው የተመታው።

የ1839ኙን ኡናና አንበሳ ሰምተህ ይሆናል። ዊልያም ዋዮን ወጣቷን ቪክቶሪያ፣ ያኔ ሃያ ዓመት የሞላት ንግሥት፣ ከጥንት የእንግሊዝ ግጥም በመጣችው ኡና አምሳል አንበሳ እየመራች ቀረጻት። ዙሪያው ላይ በላቲን "አምላክ ሆይ፣ እርምጃዬን ምራ" ይላል። የዚያ ዓመት ፕሩፍ ስብስብ አካል ነው። የኡናን ፊት በማጉያ መነጽር አንድ ጊዜ ያየ ሰው ቀራጭ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። እንደ ጤፍ ያነሰች አፍ ናት፣ ግን ቁጣም ፍርሃትም የለባት፣ የምትሄድበትን የምታውቅ ሴት አፍ ናት። አንበሳው ደግሞ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይከተላታል። እኔ ይህን ሳንቲም በሕይወቴ ሦስት ጊዜ በእጄ ይዣለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከጨረታ በፊት በሚደረግ ማሳያ ላይ። እዚያ የማይገዛ ሰውም ገብቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ይፈቀድለታል። ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ወደዚያ አይገባም ብለን እናስባለን። ግባ፣ ማሳያ ቀኑን ጠይቅ፣ ቁጥሩን ንገራቸው፣ ያመጡልሃል።

ጠርዝንም ተመልከት። በድሮ ጊዜ ሰዎች የወርቅ ሳንቲምን ጠርዝ እየቀረፉ ወርቁን ይሰርቁ ነበር። በ1656፣ እንግሊዝ ንጉሥ ሳይኖራት ክሮምዌል በገዙበት ዘመን፣ ቶማስ ሳይመን መልኩን፣ ፈረንሳዊው ፒየር ብሎንዶ የጠርዙን መሣሪያ ሠርተው የሃምሳ ሽልንግ ወርቅ መቱ። ዛሬ ያለው ከአሥር ብዙም አይበልጥም። ጠርዙ ላይ ፊደል ካለ የቀረፈ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ነገሥታቱ ከተመለሱ በኋላ በጠርዝ ላይ የተጻፈው የላቲን ቃል ትርጉሙ "ጌጥና መከታ" ነው። አጥርም ጌጥም በአንድ ቃል።

ጀማሪ 77 (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:50)

እነዚህን እኔ አልደርስባቸውም። በአቅሜ ከየት ልጀምር?

የሳንቲም ዓይን (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:30)

ከማት 1902 ሃፍ ሶቨሪን ጀምር፣ ያልተወለወለ ፈልግ። ካልሆነ ከ1979 ፕሩፍ ሶቨሪን፤ 50,000 ስለተሠራ ዋጋው ከወርቁ ብዙ አይርቅም። የ1989ኙንም እወደዋለሁ፤ ሄንሪ 7ኛ በ1489 ያስመቱት የመጀመሪያው ሶቨሪን 500 ዓመት ሲሞላው የወጣ ነው፣ ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይታያሉ። ከመግዛትህ በፊት ግን ስድስት ወር ዝም ብለህ እይ። ብሪቲሽ ሙዚየም 68ኛው ክፍል ስለ ገንዘብ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ጨረታ ስትገባ ደግሞ መዶሻው ሲመታ የሰማኸው ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ አትርሳ፣ የገዢ ኮሚሽን 20 በመቶና ከዚያም በላይ ይጨመርበታል።

ባለ ሚዛን (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:15)

በአንድ ነገር ብቻ ከጋሼ ጋር አልስማማም። እህታችን ሁለቱን ወርቆች ወደ ደረጃ አውጪ ድርጅት ልካ በፕላስቲክ ማኅተም ውስጥ ብታስደርጋቸው እመክራለሁ። እውነተኛነታቸው ይረጋገጣል፣ ማንም እጅ አይነካቸውም፣ ልጆቿ ሲሸጡም አይታለሉም። ቆዳና ጨርቅ ከመቶ ዓመት በኋላ አስተማማኝ ቤት አይደለም።

የሳንቲም ዓይን (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:40)

ባለ ሚዛን የሚለው ለነጠላ ሳንቲም ትክክል ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። እዚህ ግን 11 ሳንቲም በተወለዱበት ሳጥን አንድ ላይ አሉ። ብሮቹ ያን ሰማያዊ ጥቁረት ያመጡት አብረው ከቆዳውና ከጨርቁ ጋር ስለኖሩ ነው። ሁለቱን ወርቆች ለብቻ አውጥተሽ ፕላስቲክ ውስጥ ስታስገቢ ወደ ጎድጓዳቸው አይመለሱም፣ ሳጥኑም አራት ባዶ ቦታ ይኖረዋል። ገዢ ቢመጣም ስብስብ ሆኖ ከነሳጥኑ የሚፈልግ አለ። ምስክርነት ከተፈለገ የብሪታንያ የሳንቲም ነጋዴዎች ማኅበር አባል የሆነ ሰው ጋ ወስዳ በጽሑፍ ማስመርመር ትችላለች።

ባለ ሚዛን (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:05)

የጽሑፉን እቀበላለሁ። ስለ ፕላስቲኩ ሐሳቤን አልለወጥኩም። ወርቁን ሌባ ቢወስደው ሳጥኑ ምን ይናገራል? በማኅተሙ ላይ ባለው መለያ ቁጥር ግን መፈለግ ይቻላል።

እህተ ለንደን (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከቀኑ 8:00)

ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። የማኅበሩ አባል የሆነ ሰው ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሳጥኑን ሲከፍቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ በጠርዛቸው እያነሡ በማጉያ መነጽር አዩአቸው። ሁለቱም ወርቆች ማት ፕሩፍ መሆናቸውን፣ ሶቨሪኑ እንዳልተነካ በጽሑፍ ሰጡኝ። ሃፉ ላይ ያለው አሻራ ብዙ አሥርት ዓመት የቆየ ነው፣ ወርቁ ውስጥ ገብቷል፣ ላጥፋው ቢሉ የሚጠፋው ማቱ እንደሆነ ነገሩኝ።

ስለ ባዶዎቹ ቦታዎች ለወንድማቸው ልጅ ደውዬ ጠየቅሁት። ሁለቱን ትልልቆች አባትዬው ከጦርነቱ በኋላ ለቤት ኪራይ እንደሸጧቸው፣ ጎረቤቴ ግን ሌሎቹ እንዳይሸጡ ሳጥኑን አልጋቸው ሥር ያኖሩ እንደነበር ነገረኝ። ስለዚህ አልሞላቸውም። ባዶ እንደሆኑ ይቆያሉ።

አልሸጥም። ለፕላስቲኩም ገና አልወሰንኩም፣ ባለ ሚዛን አይቀየሙኝ። ለጊዜው ኢንሹራንሱን አስተካክዬ፣ ሁሉንም በሁለት ፊት ፎቶ አንስቼ፣ ክብደታቸውን ጽፌ አስቀምጫለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ቤቴ እርጥበት አለው፣ ክረምት ላይ መስኮቱ ያላባል። ብሮቹን የት ላስቀምጥ?

ጠገራ (እሁድ፣ ከቀኑ 10:25)

ከውጭ ግድግዳ አርቂው፣ ከወጥ ቤትም። ሳጥኑን በሚገባ በሚዘጋ ሌላ መያዣ ውስጥ አድርገሽ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ሁለት ሦስት አስገቢበት፤ ሳንቲሙን እንዳይነካ ከሳጥኑ ውጭ ይሁን። በየሦስት ወሩ ቀይሪው። ለስላሳ የፎቶ አልበም ፕላስቲክ ውስጥ ግን ፈጽሞ አታስገቢ፣ ጊዜ ሲቆይ አረንጓዴ ዘይት ያወጣል፣ ብሩን ይበላዋል። ሳጥኑን ስትከፍቺ ደግሞ ቡናው እየፈላ አይሁን፣ እንፋሎቱና ጭሱ ለብር ጥሩ አይደሉም። ቡናውን ጠጥተሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ፣ ከዚያ ክፈቺው።